ሽለላ በሳክስፎን፤ ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ ሥራና የአጨዋወት ስልት

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ከተሠራበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ዜማውንም ይዞ ይመጣል። ተማሪው መሣሪያውን ሲቀበል ዜማውንም አብሮ ይቀበላል፤ መሣሪያው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ አስተማሪ ይሆናል። እንግዳው መሣሪያ ራሱ ተማሪ ሆኖ የአገሩን ቋንቋ ሲማር የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱን ነው፤ ይኸውም አቶ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን እንዴት እንደ ተጫወቱትና ይህ አጨዋወት ጃዝ ከሚባለው ሙዚቃ ጋር ያለው ዝምድና ምን እንደ ሆነ ነው። ሸክላዎቹ የሚታወቁት በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ፥ በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር አድርገናል።

አቶ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው መጀመሪያ የነኩት ክራርና ማሲንቆ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ ኋላ ስለ ሳክስፎናቸው ድምፅ ስንናገር እንመለስበታለንና። በ1949፥ ገና አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፥ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ሥራ ጀመሩ፤ ክላሪኔትንና ሳክስፎንንም ያዙ። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ አቶ ጌታቸውም ወደ ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ።

ከዚህ አጭር ዝርዝር እንደሚታየው ሕይወታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት ነበር። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ ይሠራ የነበረው በክብር ዘበኛ፥ በጦር ሠራዊት፥ በፖሊስ፥ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ነው፤ ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለብሶ፥ በተርታ ተቀምጦ፥ ኖታ እያነበበ የታዘዘውን ይጫወታል። ለዚህ ሥርዓት መሠረት ከጣሉት መካከል የውጭ ተወላጆች አሉበት። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፥ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንድያን፥ ከዚያም በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ያስተማሩት የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ስማቸው በዚህ ረገድ የሚነሣ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሙዚቀኛ ሥራውን የሚያውቅ ባለሞያ ይወጣዋል። ከተርታው ተነሥቶ ብቻውን የሚቆም ሰው ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ግን አልነበረም፤ ብቻውን የሚቆመው ዘፋኙ ነበር። መሣሪያ ነፊው አጃቢ ነው፤ በሸክላው ልባስ ላይ እንኳ ስሙ የማይጻፍለት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሽለላ እንለፍ። ቀረርቶ፥ ሽለላና ፉከራ በተራ አነጋገር ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ፤ አንዱ ለሌላው ሲጠራም እንሰማለን። ሦስቱም የጀግንነት ቃል ናቸው፤ ከጦርነት በፊት ልብን ለማነሣሣት፥ ከጦርነት በኋላ ጀብዱን ለመቁጠር፥ በሰላም ጊዜም በሠርግና በደቦ ላይ ይባላሉ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ባለ ቀረርቶው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ፊደል ይዞ ያስረዝማል፤ የሚለካው በከበሮ ምት ሳይሆን በትንፋሹ ነው። ትንፋሹ ሲያልቅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ባዶ አይደለም፥ የቆሙት ሰዎች የሚያበረታቱትና የሚያጋግሉት በዚያ መካከል ነውና። ፉካሪው ደግሞ ዘራፍ ብሎ ይነሣል፤ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፥ ጦሩን እየነቀነቀ፥ የማን ልጅ፥ የማን አሽከር እንደ ሆነና ምን እንደ ጣለ በአንድ ትንፋሽ እያከታተለ ያወርዳል። ቃሉ ከንግግር ይፈጥናል፤ ከዘፈን ግን ያነሰ ዜማ አለው። በመጨረሻው ቃል ላይ ድምፁን እንደ ድንጋይ ይጥለዋል። ስለዚህ የዚህ ሙዚቃ አጥንቱ ሦስት ነገር ነው ብንል አንሳሳትም፤ ረዥም ጥሪ፥ ፈጣን ውርጅብኝ፥ በመካከሉም ዝምታ።

ይህን ሁሉ ከቃሉ ለይቶ በመሣሪያ ማሰማት ይቻላልን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፉከራ ያለ ቃል ምን ይቀረዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ የሚፎከረው ስም ለመጥራት ነውና። አቶ ጌታቸው በ1950ዎቹ፥ በቴአትር ቤቱ ሳሉ፥ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ሳክስፎኑን በዘፋኙ ቦታ ማቆም ነበር።

መሣሪያው ራሱ ለዚህ የሚረዳ ባሕርይ አለው። ሳክስፎንን የፈጠረው አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ተወላጅ ሲሆን፥ በ1846 በፓሪስ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ። ከአሳቡም አንዱ የወታደር ባንድን ድምፅ ማበልጸግ ነበር። አካሉ ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ድምፁን የምታስነሣው ግን እንደ ክላሪኔት በአፉ መያዣ ላይ የታሰረች ስስ የሸምበቆ ስንጥር ናት፤ ስለዚህ ነሐስ ይልበስ እንጂ የሚቆጠረው ከእንጨት መሣሪያዎች ወገን ነው። ቧንቧው ከአፉ ጀምሮ እየሰፋ ስለሚሄድ ድምፁ የተሞላና ሩቅ የሚሰማ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከንፈርና ጉሮሮ የሚያዙት መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ሳይለውጥ ከንፈሩን ቢያጠብቅ ድምፁ በትንሹ ይወጣል፤ ቢያላላው ይወርዳል። መንጋጋውን ቢያንቀሳቅስ ድምፁ ይርገበገባል፤ በጉሮሮው እያንጎራጎረ ቢነፋ ይሻክራል። ፒያኖ ይህን አያደርግም፤ በፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ቦታ ግድግዳ ነው።

ክራርና ማሲንቆ ያልነው ነገር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያላት መሣሪያ ናት፤ ለጣት የተወሰነ ቦታ የላትም። ማሲንቆ መቺ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ጣቱ እየተንሸራተተ ነው፤ በደረሰበትም ቦታ ዝም ብሎ አይቆምም፥ ድምፁን ያስጌጠዋል፥ ያርገበግበዋል፥ ዘፋኙ በጉሮሮው የሚያደርገውን ሁሉ በጣቱ ይከተላል። የአቶ ጌታቸውን ሳክስፎን ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ሰው ይህንኑ ያገኛል። አንድን ረዥም ድምፅ ሲይዙ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆይም፤ እየሰፋና እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፥ ርግብግቢቱም እጅግ ሰፊ ናት። ከዚያ በኋላ ድንገት የተጣደፉ ድምፆች ተከታትለው ይወርዳሉ፤ የሐረጉ መጨረሻ ተጥሎ ዝምታ ይሆናል። አጃቢዎቹ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ መሬቱን ይይዛሉ፤ ሳክስፎኑ ግን በእነርሱ ልክ ታስሮ አይሄድም፥ ሲፈልግ ይቀድማል፥ ሲፈልግ ይዘገያል። ቀረርቶው ሳይዛነፍ፥ ፉከራውም ከነጥድፊያው አለ። የጎደለው የሰው ስም ብቻ ነው።

እንዲያውም በእኛ አስተያየት የስሙ መጉደል ያተረፈው ነገር አለ። በቃል የሚፎከር ፉከራ የገዳይ ብቻ ሳይሆን የሟችም ነው፤ በአንዱ ቤት ክብር የሆነው በሌላው ቤት ለቅሶ ነው። ብዙ ወገን ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳክስፎኑ ግን ማንን እንደ ጣለ አይናገርም። የሚቀረው የድፍረቱ ትኩሳት ነው፤ ይህንንም ማንም ሰው፥ ከየትኛውም ወገን ይሁን፥ ሳይቀየም ሊሰማው ይችላል።

ስለ ቅኝቱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሃርሞኒየም ፊት ቆመን ዶ፥ ሬ፥ ሚ ብለን የተማርን ሰዎች ሰባት ድምፅ የሙዚቃ ሁሉ ሕግ ይመስለናል። የአገራችን ዓለማዊ ዜማ ግን በአብዛኛው የሚሄደው በአምስት ድምፅ ነው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ናቸው። ለምሳሌ አንደኛው የትዝታ ዓይነት ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። አንቺ ሆዬ ደግሞ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ ጋ ጠባብ፥ አንዱ ጋ ሰፊ ስለ ሆነ፥ ለሃርሞኒየም ጆሮ የተዛባ ይመስላል። ጥቂት ድምፅ ባለበት ቅኝት ላይ የተጫዋቹ ችሎታ የሚታየው ምን ያህል ድምፅ በማወቁ ሳይሆን፥ አንዱን ድምፅ በስንት መልክ ማሰማት በመቻሉ ነው።

በመድረክ ላይ ሲቆሙም ነገሩን በግማሽ አልተዉትም። እንደ ጥንቱ አርበኛ ለምድ ደርበው፥ የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ አድርገው ይወጡ ነበር። ለዛሬ ዓይን ይህ የትርኢት ልብስ ሊመስል ይችላል፤ በተርታ ተቀምጦ በደንብ ልብስ ይነፋ ለነበረ የባንድ ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ጎፈር የሚያደርገው ባለ ግዳይ ነው፤ አጃቢ ጎፈር አያደርግም።

ይህ አጨዋወት በ1950ዎቹ ቢጀመርም በሸክላ ሆኖ ለሕዝብ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። በ1948 በወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሲሆን፥ ይህን አጥር ደፍሮ የሰበረው በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ያቋቋመው አምሃ እሸቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ፤ ፊሊፕስም በኢትዮጵያ ያሳትም ነበር። የአቶ ጌታቸው ትልቁ ሸክላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ዘውዳዊው መንግሥት ገና ሳይወርድ፥ በፊሊፕስ በኩል ወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ርእሱ በአማርኛ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ በሸክላ ልባስ ላይ ንጉሥ መባሉ ሳያስደንቅ አይቀርም፤ ግን ሽለላ ራሱ መኩራራት ስለ ሆነ ርእሱ ከሥራው ጋር የሚስማማ ነው። በሸክላው ላይ ሽለላው፥ አንቺ ሆዬ፥ አምባሰል፥ ትዝታና አካለ ውቤ ይገኛሉ። ዘፋኝ የለበትም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚናገረው ሳክስፎኑ ነው።

እንግዲህ ይህ ጃዝ ነውን? የኤውሮፓና የአሜሪካ ጸሐፊዎች አቶ ጌታቸውን የጃዝ ሰው ይሏቸዋል። ብዙዎቹም እነ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር በአሜሪካ ካስነሡት ነጻ ጃዝ ጋር ያወዳድሯቸዋል። ኮልማን ለዚህ አጨዋወት ስም የሰጠውን ሸክላ የቀረጸው በታኅሣሥ 1960 ነበር፤ አይለር ደግሞ ዝናውን ያስገኘለትን ሥራ የቀረጸው በ1964 ነው። አይለር የሚነፋው ድምፅ እንደ አቶ ጌታቸው ሰፊ ርግብግቢት ያለው፥ የሚያለቅስና የሚጮኽ ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ከጆሮ የመጣ እንጂ ከወሬ የመጣ አይደለም። ከዚህም ተነሥተው አቶ ጌታቸው ነጻ ጃዝን ከአሜሪካኖቹ በፊት ፈጠሩት የሚሉ አሉ።

እኛ ግን በዚህ አነጋገር ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ የሚያሳንሰውም አሜሪካኖቹን ሳይሆን አቶ ጌታቸውን ነው። ነገሩን ለመረዳት ጃዝ ምን ይዞ እንደ ተነሣ ማየት ይገባል። በ1939 ኮልማን ሆኪንስ የተባለው ታላቅ ሳክስፎን ነፊ አንድ የታወቀ የፍቅር ዘፈን ቀረጸ፤ ከዜማው መጀመሪያውን ጥቂት ብቻ አሰምቶ፥ የቀረውን ሁሉ ከሥር በሚለዋወጡት የድምፅ ስምምነቶች ላይ እየፈጠረ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጡት የጃዝ ሰዎች የሠለጠኑት በዚህ መንገድ ነው፤ በየጊዜው በሚለዋወጥ ስምምነት ላይ አዲስ ዜማ መፍጠር። ኮልማንና አይለር ነጻ ወጡ ሲባል ነጻ የወጡት ከዚህ ሕግ ነው። አቶ ጌታቸው ግን ከዚህ ሕግ አልወጡም፤ ከመጀመሪያውም በዚህ ሕግ ሥር አልነበሩምና። ሽለላ ተለዋዋጭ ስምምነት የለውም፤ በምት መታሰርም የለበትም። አሜሪካኖቹ ሕግ አፍርሰው የደረሱበትን ቦታ የሚመስለው ድምፅ በእርሳቸው ዘንድ የአባቶቻቸውን ሕግ ከመጠበቅ የመጣ ነው። አንዱ ዓመፅ ነው፤ ሌላው ታማኝነት ነው፤ ድምፁ ግን ተገናኘ። ይህ መገናኘት ከቀዳሚነት ክርክር ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነገር ይመስለናል።

በአገራችን ጃዝ የሚለው ስም በሌላ በርም ገብቷል። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በ1960ዎቹ በኒውዮርክ ሸክላ ካሳተመ በኋላ የአምስቱን ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ስምምነት ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የሚለውን ስም አወጣለት። የእርሱ መንገድ ከውጭ ወደ ውስጥ፥ የተጠናና የተጻፈ ነው። የአቶ ጌታቸው መንገድ ከይፋት ወደ መድረክ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለመደብሩ ነጋዴ ይመቸዋል፤ ለተማሪ ግን አይጠቅመውም።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ሸክላ ማሳተምም ቀርቶ ካሴት ተተካ። የአቶ ጌታቸው ሸክላ በየቤቱ የቀረው አቧራ ለብሶ ነው። እንደ ገና የተሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ በሚያሳትመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ፥ በ2003፥ አሥራ አራተኛው ክፍል ሆኖ በወጣ ጊዜ ነው። የአገራችን ቅርስ በውጭ አገር ሰው እጅ ተፈልጎ መገኘቱ የሚያስመሰግነውም የሚያሳፍረውም ወገን አለው፤ ምስጋናው ለእርሱ፥ ኀፍረቱ ለእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማንም ያላሰበው ነው። ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ከ1979 ጀምሮ ፓንክ የሚባለውን ሻካራ ሙዚቃ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አቶ ጌታቸውን ጋበዙ፤ አቶ ጌታቸውም አብረዋቸው መሥራት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ከዚህ በ2006 ሞዓ አንበሳ፥ በ2012 ደግሞ የአንበሳው ትዝታ የተባሉት ሥራዎች ተገኙ፤ በመካከሉም በኤውሮፓና በአሜሪካ እየዞሩ ተጫወቱ። በ2008 በኒውዮርክ ሊንከን ማዕከል ከማሕሙድ አሕመድና ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት ቀርበዋል። ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ከልጆቻቸው ዕድሜ ጋር ከሚመሳሰሉ ፈረንጆች ጋር ቆመው፥ በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ላይ ሲሸልሉ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ምርጫው ግን ያልታሰበበት አይደለም። የጃዝ ሠልጣኝ ባንድ ስምምነት እየለዋወጠ ይከተላቸው ነበር፤ እነዚህ ግን አንድ ሐረግ ይዘው በኃይል ይደጋግማሉ፥ ሽለላ ከአጃቢ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ከበሮ የምትመታው ካተሪና ቦርንፌልድ የምታወጣው የተንከባለለ ምት ከቺክቺካ ብዙም የማይርቅ ሆኖ ይሰማል።

አቶ ጌታቸው በሚያዝያ 4 ቀን 2016፥ በአገራችን አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸውን ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ ትዝታን ከሁለቱ ሸክላዎች አንሥቶ፥ ከ1970ዎቹና ከ2006፥ አንዱን ከሌላው አጠገብ አድርጎ ቢሰማ ይበጀዋል። በመጀመሪያው አጃቢዎቹ የቴአትርና የምሽት ክበብ ሰዎች መሆናቸው ይታወቃል፤ ለስላሳ ናቸው፥ ቦታ ይለቃሉ። በሁለተኛው ጊታሮቹ ይፋጫሉ። በሁለቱ መካከል ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ፤ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ሳክስፎኑ ግን በሁለቱም ላይ ረዥሙን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፥ ጥሎት ዝም ይላል፥ ትንፋሽ ይወስዳል። ከዚያም በ2006ቱ ሥራ ቼ በለው የሚባለውን ሽለላ ቢያስከትል፥ የፈረሰኛው ግልቢያ ያለ አንድ ቃል ይሰማዋል።